መካኒኩ የት ሄደ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 19 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ለእንቢ ባዩ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን ልበል መሰለኝ፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚጀመረው። እውነቱን ለመናገር ግን ትናንት መልእክትህ ከደረሰን ጀምሮ በዚህ ቤት ደህና የሚባል ነገር የለም። እየደጋገምኩ ብደውል ስልክህ ዝግ ነው። ጉልበቴ እንኳን አንተ ዘንድ አውቶቡስ ጣቢያም አያደርሰኝ። ስለዚህ ይህን ለሲሚንቶ ጫኙ ሾፌር እሰጠዋለሁ። አንተ ያለህበት ቅዳሜ እደርሳለሁ ብሎኛል። አንተ ደግሞ በረሃውን የምታቋርጡበት መኪና ዓርብ ይነሳል ብለሃል። "ከሄዱስ?" ስለው፣ "ደብዳቤውን መልሼ አመጣልዎታለሁ ጋሼ" አለኝ፣ ቀላል ነገር ይመስል።

"አባዬ አታስብ፣ መካኒክ ስለሆንኩ በነፃ ነው የሚወስዱኝ። መካኒክ ያለበት መኪና በረሃ ላይ አይቀርም" ብለሃል። እናትህ ይህን ጮክ ብላ ስታነበው "በቃ፣ ተዪው" አልኳት። ከየት እንዳመጣኸው አውቃለሁና።

እሁድ ዕለት ሻይ ቤቱ ውስጥ የሆነውን ልንገርህ። ያ የኛ የጦርነት ፊልም፣ አምስቱ ወታደሮች በአሮጌ መኪና በረሃውን የሚያቋርጡበት፣ በሲዲ መጣ ተባለ። ሲኒማ ቤታችን የጎማ መጋዘን ከሆነ ስንት ዓመቱ፣ ሰው ግን ፊልሙን አልረሳውም። ወንበር ጠፍቶ በር ላይ ቆመው አዩት። ስንቴ በገዛ እጄ ማሽኑ ላይ እየጫንኩ ያሳየሁትን ፊልም እኔም ላይ ሄድኩ። ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፤ ግን መኪናው አሸዋ ሲውጠው ሁሉም በተቀመጠበት አብሮ ይገፋል፣ ውሃ ሲያገኙ ቤቱ በሙሉ ምራቁን ይውጣል። ሰው የሚወደው ተኩሱን እንዳይመስልህ። በዚያ ሁሉ አሸዋ ውስጥ አልፎ መድረስ መቻሉን ነው። እኔም የምወደው ለዚያ ነበር።

አጋማሹ ላይ ከአምስቱ አንዱ፣ መካኒኩ፣ ሞተ። ፀጉር አስተካካዩ ብድግ አለና፣ "ይሄ ሲዲ የተበላሸ ነው። በኛ ፊልም እሱ አይሞትም" አለ። "አዎ፣ አይሞትም" አሉ ሌሎቹም። ከዚያ ወደኔ ዞረው "ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩን እንጂ" አሉኝ። "እርጅና ነው፣ ረሳሁት" ብዬ ወጣሁ።

አልረሳሁም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ፊልሙ የመጣ ጊዜ ታናሽ እህትህን ከቀበርን ሁለት ወር አልሞላንም። አንተ ሰባት ዓመትህ ነው፤ ማሽን ክፍሉ ውስጥ ከኔ ጋር ካልሆንክ እህል አልቀምስም ትላለህ። መካኒኩን ገና በር ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አይተህ ወደድከው። እኔ የፊልሙን ጥቅል ልፈትሽ ብቻዬን ሳየው፣ ውሃውን ለጓደኞቹ ሰጥቶ ከመኪናው ጥላ ሥር ይሞታል። ለዚህ ልጅ ሌላ ሞት አላሳየውም አልኩ። በመቀስ ቆርጬ ጫፍና ጫፉን አጣበቅኩት። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሰዉ ሁሉ እንደዚያ አየው፣ ማንም አልጠየቀኝም። ካንተ በቀር።

"አባዬ፣ አምስት ሆነው ሄደው አራት ሆነው የደረሱት ለምንድነው? መካኒኩ የት ሄደ?" አልከኝ።

"ቀድሟቸው ደርሶ ውሃ እየቀዳላቸው ነው" አልኩህ።

እህትህ ከሞተች ወዲህ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሳቅከው። በማግስቱ መፍቻ ግዛልኝ አልክ። እኔ ሞኙ ገዛሁልህ።

የቆረጥኩትን እስከ ዛሬ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጬዋለሁ። ከሱ አንድ ጋት ያህል እዚህ ውስጥ ከትቼልሃለሁ። ወደ ፀሐይ አንሳውና ደህና አድርገህ እየው።

እናትህ አጠገቤ ተቀምጣ ሹራብህን እያጠፈች ነው። በረሃ ሲመሽ ይበርዳል ብለዋታል። ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፣ "ሰላምታ ነው" አልኳት።

በዕድሜዬ ሙሉ የማንም መኪና እንዲበላሽ ጸልዬ አላውቅም። ካለፈው ሌሊት ጀምሮ ግን የዚያ መኪና ሞተር ይንከስ፣ ደርቆ ይቁም እያልኩ እለምናለሁ። ከነከሰ አደራህን፣ አትጠግነው።

ፈጣሪ ባለህበት ጥላ ይሁንህ። እግርህን ወደ ደጄ ይመልስልኝ።

ዋሾው አባትህ

መካኒኩ ቀድሞ አልደረሰም ልጄ። እዚያው ነው የቀረው።