በዳቦ ምድጃ የበሰለው ሳሙና

ይድረስ ለባሌ እህት፣ ለእህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የኬታ ነፋስ ደረትሽን እንደገና አላመመሽም? ዓሣ የምታደርቂበት ጭስ ዓይንሽን እያስለቀሰ እንዳስቸገረሽ ከእናንተ ሰፈር የመጣች ነጋዴ ነግራኛለች፤ እግዜር ይማርሽ። ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኔ ተመስገን ነው፤ መራመድ እችላለሁ፣ መቀመጥ ነው ያቃተኝ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። አንዴ ሣጥኑን ለማየት፣ አንዴ በሩን ለማየት፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደተነሳሁ ጠፍቶኝ ተመልሻለሁ።

ከቀብሩ ወዲህ አሥራ አራት ወር ቃል አልተለዋወጥንም። አንቺ ዝም አልሽ፣ እኔም ዝም አልኩ፤ ሁለታችንም ግትር ነን። አሁን መጀመሪያ የተነፈስኩት እኔ ነኝና ተሸንፋለች በይ፣ ግድ የለኝም።

ወደ ነገሬ ልግባ። አጎትሽ ኮፊጋ ጥቁር ልብሴን የማወልቅበትንና የምታጠብበትን ቀን ቆርጠዋል፤ የፊታችን ቅዳሜ ነው። መጀመሪያ ዓመቱ ሲሞላ ነው ተባለ፤ አክስትሽ አጆ ጉልበታቸውን አመማቸውና ቀረ። ቀጥሎ ከፋሲካ በኋላ ተባለ፤ አጎትሽ ለመሬት ክርክር ሄዱና ቀረ። ይህ ሦስተኛው ነው። ይህም ካለፈ ከአዲሱ የቦዬ ሥር ምርት በዓል በኋላ እንጂ አይሆንም ብለዋል፤ ሦስት ወር መሆኑ ነው። እኔ ሦስት ወር መቆየት አልችልም። ጥቁሩ ልብስ አንገቴን ይበላኛል፣ ደንበኞቼም ከሐዘንተኛ እጅ ሳሙና መግዛት ይፈራሉ። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው።

ችግሩ ሳሙናው ነው። በእናንተ ቤት ሥርዓት ባሏ የሞተባት ሴት የምትታጠብበትን ሳሙና በገዛ እጇ ትሠራለች፤ ያውም ቀኑ ከተነገረ በኋላ። መደርደሪያዬ ላይ ሦስት መቶ ሳሙና ተደርድሯል፣ አንዱንም መንካት አልችልም፤ በሐዘን ውስጥ የተሠራ ሳሙና ሐዘኑን መልሶ ይቀባል ይላሉ። ቀኑ ሲነገረኝ የቀረኝ አሥራ ስምንት ቀን ነበር። የኔ ሳሙና ደግሞ አምስት ሳምንት ይፈልጋል።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ዘይቱን ከሚያቃጥለው የሶዳ ውሃ ጋር እመታዋለሁ፣ አጥሚት ሲመስል ሣጥን ውስጥ እገለብጠዋለሁ፣ በብርድ ልብስ እሸፍነዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነው። እሳት አይነካውም። ሶዳውና ዘይቱ በራሳቸው ጊዜ ይታረቃሉ፤ መታረቃቸው የሚታወቀው በምላስ ነው። ጫፉን ታስነኪዋለሽ፤ ከነደፈሽ ገና ነው፣ ዝም ካለ ደርሷል። እናቴ አንዴ ቸኩላ የሸጠችው ሳሙና የአንዲት ሙሽራ አንገት ላጠና ከዚያ ወዲህ ቤታችን የትዕግሥት ቤት ሆነ። እኔም በትዕግሥት የታወቅሁ ሴት ነበርኩ።

በቀብሩ ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ለሳሙናሽ አምስት ሳምንት ትጠብቂያለሽ፤ ወንድሜ ግን ሁለት ቀን ሊጠብቅሽ አልቻለም» አልሽኝ። አሥራ አራት ወር በልቤ ስመልስልሽ ኖርኩ። ስፈጭ እመልስልሻለሁ፣ ስጠርግ እመልስልሻለሁ። አሁን ግን ልንገርሽ፣ እውነትሽን ነው። ጋሜሊ እሑድ ሆዴን አለኝ። ያልተቆረጠ ሳሙና ነበረኝ። ማክሰኞ የገበያ መኪና ሲመጣ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን አልኩት። እሱም እሺ አለ፤ ወንድምሽን ታውቂዋለሽ፣ እሺ የማይለው ነገር አልነበረም። ማክሰኞ ሳይደርስ ሞተ። እወደው ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውን ስታነቢ ይህን አትርሺብኝ።

ከዚያ ወዲህ መጠበቅ የሚባል ነገር አይሆንልኝም። ሻይ ውሃው ሳይፈላ ነው የምጠጣው። ሰው ወሬ ሲጀምርልኝ መጨረሻውን እኔ እናገርለታለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜም እሳሳታለሁ።

ከገበያው በላይ ያለውን ዳቦ ጋጋሪ ሴኞን ታስታውሺዋለሽ፤ ሚስቱ ኩማሲ ሄዳ ሌላ ያገባችበትን። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዳቦውን ካወጣ በኋላ የጭቃ ምድጃው ቀኑን ሙሉ ሙቀቱን ይዞ ይውላል። ሙቀት ሶዳውንና ዘይቱን ቶሎ እንደሚያስታርቅ ከድሮም አውቅ ነበር፤ በሐሩር ቀን የሠራሁት ሳሙና መሐሉ እንደ ቫዝሊን ያበራል፣ ምላስ መንደፉንም ቶሎ ይተዋል። ስለዚህ ሣጥኔን ምድጃው ውስጥ እንዲያስቀምጥልኝ ጠየቅሁት። ጥቁር የለበሰች ሴት ከሌላ ሰው እሳት አጠገብ መድረስ እንደሌለባት አንቺም እኔም እናውቃለን። እሱም ያውቃል። እሳቱ ወጥቷል፣ የቀረው ሙቀት ብቻ ነው፣ ሙቀት ደግሞ እሳት አይደለም አለኝ። ዳቦ ጋጋሪው ሕግ አዋቂ ሆኖ አረፈው።

እስከ ስድስት ሰዓት እንዲቀዘቅዝ፣ ከዚያም እጄን አስገብቼ ሃያ መቁጠር ከቻልኩ ብቻ ሣጥኑን እንዳስገባ አጥብቆ ነገረኝ። እኔ ሦስት ሰዓት ላይ ሄድኩ። እሱ ዱቄት ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። እጄን አስገባሁ፣ ሃያ ቆጠርኩ፤ እንዴት እንደቆጠርኩት አትጠይቂኝ። ሣጥኑን ገፋ አድርጌ አስገባሁና የምድጃውን አፍ በእርጥብ ጆንያ ዘጋሁ።

ሴኞ ሲመለስ በጆንያው ሥር አረፋ እየወጣ ነበር። ሳሙናው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ከሣጥኑ ገንፍሏል፣ የምድጃውን ወለል ሸፍኖታል፣ ዳር ዳሩም አርሯል። ፋቅነው። ቀጥሎ በውሃ ልናጥበው ሞከርን፤ ሳሙናን በውሃ ማጠብ ምን እንደሚመስል አንቺው ገምቺ፣ ውሃ በጨመርን ቁጥር አረፋው ጨመረ። አልተቆጣኝም። ብቻ ቀና ብሎ «አንቺ ሃያ ስትቆጥሪ ጥሬ የምትለቅም ዶሮ ነው የምትመስዪው» አለኝ። ሳቅሁ። ጥቁር ከለበስኩ ወዲህ ስቄ አላውቅም ብልሽ እዋሻለሁ።

ማግስቱ እሑድ ነበር። ከተማው ሁሉ ከጸሎት በፊት የሴኞን ዳቦ በሻይ በላ። የመዘምራኑ መሪ በመዝሙሩ መሐል አፉን ሲጠርግ ነበር አሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ባገሳን ቁጥር አረፋ ይወጣናል እያሉ መንገዱን በሳቅ ሞሉት። ሴኞ ሲጠየቅ ምድጃዬን በሳሙና አጠብኩ አለ። ዓለም ከተፈጠረ የዳቦ ምድጃ በሳሙና ያጠበ ሰው ታይቶ አያውቅም። ሞኝ ነው ብለው ሳቁበት፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ።

አክስትሽ አጆ ብቻ አልሳቁም። ቁራሽ ዳቦ በመሐረብ ቋጥረው ቤቴ መጡ። ዳቦውን አሸተቱ፣ ወደ መደርደሪያዬ ሄደው ሳሙናዬን አሸተቱ፣ ተመልሰው ደግሞ ዳቦውን። በዚህ ከተማ ሳሙና ላይ ጠጅ ሣር የምጨምረው እኔ ብቻ ነኝ።

«ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን በጠጅ ሣር ነው የሚያጥበው?» አሉኝ።

ከኔ ገዝቶ ይሆናላ አልኳቸው። ዓይናቸው ከፊቴ ወደ ታች ወረደ፣ ቀስ እያለ፣ ገበያ ላይ ፍየል እንደሚያዩ።

«ወፍረሻል» አሉ።

ሐዘን አንዳንዱን ያከሳል፣ አንዳንዱን ያወፍራል አልኩ። እሱንም በደንብ አልተናገርኩትም። መሐረባቸውን እየቋጠሩ ወደ በሩ ሄዱና «የጋሜሊ እህት ካልመጣች ቅዳሜ ውሃውን የማፈስልሽ እኔ ነኝ። ልብስሽንም የማወልቀው እኔ ነኝ» ብለውኝ ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍም ምግብም አልተስማማኝም። ለሁለተኛው ሳሙና የሚሆን የኮኮናት ዘይት እስኪመጣ ስድስት ቀን አለፈ፤ በየቀኑ መኪና ማቆሚያው ሄጄ ሹፌሮቹን ስጨቀጭቅ ሴትዮዋ አበደች ማለት ጀመሩ። ዘይቱ ሲመጣ ደግሞ ሽታው አላስጠጋኝ አለ። እኔን፣ በዘይት ጋን መሐል ያደግሁትን ሴት። አፍንጫዬን በሎሚ ልጣጭ ይዤ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ጓሮ ሮጬ ተመልሼ፣ እንደምንም መታሁት።

ትናንት ሰኞ በስድስት ሰዓት ወሰድኩት። ሴኞ በዚህ ጊዜ ለብቻዬ አልተወኝም። እጄን በእጁ ይዞ ምድጃው ውስጥ አስገባው፣ እሱ ቆጠረ። ሃያ ላይ ለመድረስ ዕድሜ ፈጀበት። አሥራ ሁለት ላይ ምድጃው እንዳያቃጥለኝ ሳይሆን ሰው እንዳያየን ፈራሁና እጄን ልነጥቅ ነበር፤ አለቀቀኝም፣ ድምፁንም አላፈጠነም። ሃያ ሲል ሙቀቱ ልክ የሰው ገላ ሙቀት ሆኖ ተሰማኝ። ሣጥኑን አስገባን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስናወጣው ከመሐል እስከ ዳር አብርቷል፣ አንድ ጠብታ አልገነፈለም።

ዛሬ ጠዋት ቆረጥኩትና ምላሴን አስነካሁት። ዝም አለ። አለቀስኩ፣ ምን እንደሚያስለቅሰኝ ግን ለራሴም አልገባኝም። ገና ለስላሳ ነው፤ ሙቀት ሶዳውን ያስታርቃል እንጂ እርጥበቱን አያደርቀውም፣ ለዚያ አሁንም ሳምንታቱን ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ ቢታጠቡበት ሟሙቶ ያልቃል። ለኔ አንድ ጊዜ ይበቃኛል።

ስለዚህ ሳሙናው ደርሷል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ። ውሃውን የማፍሰስ መብቱ የሟች እህት ነው፣ አክስት የምትተካው እህት ስትጠፋ ብቻ ነው። የሟቹን አናጢ ሚስት ታስታውሻለሽ፣ ሳትታጠብ ነገሯ የታወቀባትን? የባሏ አክስቶች ቤቷን ቆልፈው ቁልፉን ወሰዱ፣ እሷን ከነጥቁር ልብሷ እስከ ወንዙ ድረስ እየሰደቡ ሸኟት፤ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ስለ እሷ ለምን እንዳነሳሁ አታስቢ፣ ብቻ ሰሞኑን ትዝ ትለኛለች። ከታጠበች በኋላ ግን ሴት የራሷ ናት። ሥርዓቱም ይህንኑ ይላል፣ አክስትሽ አጆም ቢሆኑ ይህን ሊያጥፉ አይችሉም።

ይህን ደብዳቤ የያዘው የዓሣ መኪና ሹፌር ሐሙስ ይመለሳል። አብረሽው ነይ። ይቅር ሳትይኝም ቢሆን ነይ፤ ውሃ ለማፍሰስ መታረቅ አያስፈልግም። ከመታጠቢያው አጥር ውስጥ ከሁለታችን በቀር የሚገባ የለም። የምታዪውን ስታዪ አትጩሂ፣ ባልዲውንም ከእጅሽ አትጣይ። መጀመሪያ አፍስሺ። ከዚያ የፈለግሽውን ስደቢኝ፣ ውሃው ሲወርድ ድምፅሽ ውጭ አይሰማም። ወንድምሽን ረሳሽው በይኝ፤ አልረሳሁትም። ቸኮልሽ በይኝ፤ አዎ፣ ቸኩያለሁ።

ከታጠብኩ በኋላ የምለብሰውን ነጭ ቀሚስም የምታመጪው አንቺ ነሽ። ድሮ በምታውቂው ልኬ እንዳታሰፊው። ልብስ ሰፊው ለምን ብሎ ከጠየቀሽ የለባሿ ፈቃድ ነው በይው፤ ወገቡን ይልቀቀው፣ ወደፊትም የሚፈታ ጨርቅ በስፌቱ ውስጥ ይተውበት።

ዓሣሽ ይብዛልሽ፣ ልጆችሽ ይደጉልሽ፣ የኬታ ነፋስ ይራራልሽ። የጋሜሊን ነፍስ ደስ ባለው ስፍራ ያኑርልን፣ በሁለታችንም አይዘን።

እስከ ቅዳሜ የወንድምሽ ሚስት፤
ከቅዳሜ በኋላ፣ ከፈቀድሽ፣ እህትሽ።