የሌለችው ድመት

ሰኞ፣ የካቲት 3

እንደወትሮው። የመነጽር ፍሬም ወለወልኩ፣ ለደንበኛ መስታወት ያዝኩ፣ "ያምርብዎታል" አልኩ። ስንቴ አልኩ? ከልቤ ያልኩት ለአንዲት አሮጊት ብቻ ነው።

ሰዓቴ ቆሞብኝ ኖሯል። የስምንት ሰዓቷ ኪኒን አመለጠችኝ። የታወቀኝ ምላሴ ሲከብድ ነው። ደንበኛዋ "ምን አልሽ?" እያለችኝ አንዱን ዋጋ ሦስቴ ነገርኳት። በሽታዬ እንዲህ ነው... ነርቩ ያዛል፣ ጡንቻው አይሰማም። ጠዋት ደህና ሰው ነኝ። ቀኑ በገፋ ቁጥር የዓይኔ ቆብ ይወርዳል፣ ድምፄ ይታፈናል፣ መዋጥ ሥራ ይሆናል። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከሐኪሙ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሰዓቱን ከሱቃችን ኮሪደር ጫፍ ላለው ሰዓት ሠሪ ወሰድኩለት። ባትሪ ነው አለ። ቀየረና ማንቂያውን እየነካካ፣ "በቀን አራት ጊዜ ለምንድን ነው የሚጮኸው?" አለኝ። አፌን ምን እንደከፈተው እንጃ። "ድመቴን የማበላበት ሰዓት ነው።"

"አራት ጊዜ? እኔ እንኳ ሁለቴ ነው የምበላው!"

ድመት የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ግን ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ጠዋት በሰዓት ሠሪው ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ ከማጉያ መነጽሩ ቀና አለ። "ድመቷ እንዴት አደረች?"

"ደህና አደረች።"

"አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። ከታች ካለችው ሻይ ቤት አንድ ሻይ ልጋብዝዎት?"

ሥራ አለብኝ አልኩ። ምንም ሥራ የለብኝም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያለው ፊቴ ግን የጠዋቷ ሴት ፊት አይደለም። እሱ የጋበዘው ጠዋት ያያትን ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አጉል ቀን። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት ወፍራም ፍሬም አድርጋ "እንዴት ነው?" አለችኝ። ፈገግ አልኩላት። ፈገግ ያልኩ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ከንፈሬ ወደ ላይ አይሄድልኝም፤ ጥርሴ ብቻ ይገለጣል።

"ምን ያሽሟጥጥሻል?" ብላ ፍሬሙን ወርውራብኝ ወጣች።

አለቃዬ ሁሉንም አይቷል። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ፊትሽ ሰው ያርቃል። ግንባርሽ ሁሌ እንደተቋጠረ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ጓዳ ሆነሽ ሌንስ ቁረጪ።" እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እሑድ፣ የካቲት 9

እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ ደወለች። የምናወራው ጠዋት ጠዋት ነው፣ ድምፄ ሳይታፈን። የላክሁላትን ፎቶ አይታ ኖሮ፣ "ግንባርሽ ምነው እንዲህ ታረሰ? ከእኔ በሰባት ዓመት ታንሺ የለ? እኔ የግንባር መጨማደድ የሚያጠፋውን መርፌ ተወግቼ አሥር ዓመት ጣልኩ። መርፌ ነው እንጂ ቢላ አይደለም!"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። መስታወት ፊት ቆምኩ። አራት መስመር። መርፌው ፈገግታዬን እንደማያቃናልኝ አውቃለሁ። ግንባሬ እንኳ ቢለሰልስ... አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ቤት የሚቀመጥ ፊት ይኖረኝ ይሆን?

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ሐኪሙ ጋ ነበርኩ። የመርፌውን ነገር እንደ ቀልድ ጣል አደረግኩለት። እሱ አልሳቀም።

"አንቺ ላይ ነርቭ ለጡንቻ የሚልከው መልእክት መንገድ ላይ ይጠፋል። መርፌው የሚዘጋው ያንኑ መልእክት ነው። ከተወጋው ቦታም አልፎ ሊሄድ ይችላል። ሌላ ሰው ላይ ምንም ላይሆን የሚችለው አንቺ ላይ መዋጥና መተንፈስ ድረስ ይደርሳል።"

"የግድ ይደርሳል?"

"የግድ አላልኩም። ከደረሰ ግን ወዲያው የሚመልሰው መድኃኒት የለኝም። ደግሞ ግንባርሽ ሥራ አለበት፣ አትንኪው።"

ግንባር ምን ሥራ አለው? አልጠየቅሁትም። አኩርፌ ወጣሁ። "የግድ አላልኩም" የምትለዋን ብቻ ይዤ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ውበት ሳሎን ሄድኩ። ቀጠሮ የያዝኩት ሆን ብዬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ምንም አይታይብኝም። ባለሙያዋ ግንባሬ ላይ በነጭ እርሳስ ነጥብ ነጥብ አደረገች። "የኔ እናት፣ በሳምንቱ ሕፃን ትመስያለሽ!" ሽቶዋ ደስ ይላል። ሰው ፊቴን በእጁ ከነካኝ ስንት ጊዜው ነው? ለዚያ ብቻ እንኳ ልመላለስ ምንም አልቀረኝም።

ቅጽ ሰጠችኝ፤ መወጋቱ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለሆነ ያኔ ሞልቼ እንዳመጣ። አምስተኛው ጥያቄ፦ የነርቭ ወይም የጡንቻ ሕመም አለብዎት? አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌ "የለብኝም" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። በእስክሪብቶ።

እሑድ፣ የካቲት 16

እራቴን በጊዜ ልብላ ብዬ ሾርባው ትን አለኝ። ጠረጴዛውን ይዤ ቆሜ... አለፈልኝ። ልጮህ ብል የሚወጣው ድምፅ ጎረቤት አይደርስም። ጀርባዬን መታ የሚያደርግ ሰው የለም። መርፌው ይህን ቢያብስብኝስ? ማን ያገኘኛል? መቼ?

ይህን እያሰብኩም ቅጹን አልቀደድኩትም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ሰዓት ሠሪው እንደገና ሻይ አለኝ። ድመቷ ታማለች አልኩት። ደነገጠ። "ምኗን?" "ሆዷን።" ሰው ላም አለኝ በሰማይ ይላል፤ እኔ ድመት። አፈርኩ። ከዚህ በኋላ ሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረኝ አልኩ በልቤ። ቅዳሜ ከተወጋሁ በኋላ እውነተኛ ሻይ እጠጣለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

አሥር ሰዓት። ጓዳ። ሌንስ ስቆርጥ ቆይቼ የደንበኛ መስታወት አነሳሁ። ቅዳሜ እንዴት እንደምሆን ልይ ብዬ መዳፌን ግንባሬ ላይ ጫን አድርጌ መስመሮቹን ወደ ታች ለሰለስኩ።

ዓይኔ ተከደነ። ሁለቱም።

ልክፈት ብል እምቢ አለ። መዳፌን ሳነሳ ግንባሬ ተሸበሸበ፣ ዓይኔ ተከፈተ። ደግሜ ጫንኩ። ጨለማ። ለቀቅሁ። ብርሃን። አራቴ ሞከርኩ።

ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ዓይኔን የሚያነሳልኝ ግንባሬ ኖሯል። ቆቡ ሲደክም እሱ ይጎትትለታል። ያረሰው እርጅና አይደለም፣ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ከፍዬ ላስተኛው... ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደንቆሮ ነኝ። የተነገረኝን ሰምቼ መች አጣሁት?

ዓርብ፣ የካቲት 21

ሳሎን ደወልኩ። "ቀጠሮዬን ሰርዙልኝ።"

"ፈራሽ እንዴ የኔ እናት?"

"አዎ፣ ፈራሁ። ቅጹ ላይም ዋሽቼ ነበር።"

ቀስ ብላ "እንኳን ደወልሽ" አለችኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

መርፌው ቀረ። ፊቴ ግን ያው ነው፣ ጓዳውም ያው። ብቸኝነቱን የሚሰርዝልኝ ስልክ ቁጥር የለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ሄድኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሳልጋበዝ። ሰዓት ሠሪው ሱቁን ሲቆልፍ ደረስኩ። ቀኝ ዓይኔ ግማሽ ወርዷል። አየኝና ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወደ ሻይ ቤቷ መራኝ።

ሻይ ቤት እንደተቀመጥን ከኪሱ ትንሽ ቃጭል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "ለድመቷ ነው። ከአሮጌ የጠረጴዛ ሰዓት አውጥቼ ነው የሠራሁት። ሲያማት ከተደበቀችበት ያገኟታል ብዬ።" ምድር አፏን ከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሻዬን በትንሽ በትንሹ ስጠጣ አንድ ሰዓት ያህል አለፈ።

አሥራ ሁለት ላይ ሰዓቴ ጮኸ።

"ይሂዱ እንጂ፣ ርቧት ይሆናል።"

"ድመት የለኝም።"

ኪኒኗን አውጥቼ ፊቱ ዋጥኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። በሽታውን፣ ከንፈሬን፣ መርፌውን፣ ሾርባውን። ድምፄ በአፍንጫዬ እየወጣ፣ መሀል ላይ እያረፍኩ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ሰማኝ። አንዴም "ምን አልሽ?" አላለኝም።

ስጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ "እኔስ ቀኑን ሙሉ ማጉያዬ ላይ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አይደል የምሠራው? ማን ምን አለኝ?"

ሳቅሁ። ጥርሴ እንደዚያ ሆኖ እንደተገለጠ አውቃለሁ። አልሸፈንኩትም።

ቃጭሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። "እንግዲያው አንቺ ያዢው።" አንቺ አለኝ። "ድምፅሽ ሲጠፋ ታቃጭይበታለሽ።"

"ማን ሊሰማኝ?"

ራሱን አከከ። "የአሥራ ሁለቷን እኔ ጋ ዋጪያት። ለሌሎቹ ደግሞ እናስብበታለን።"

ቃጭሉ አሁን ይህ ደብተር ላይ ተቀምጧል። ስጽፍ ጠረጴዛው በተነቃነቀ ቁጥር ይጮኻል።