ክረምቱን በጃንዋሪ ለለኩልን ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር ዶን ቤልትራን ኦያርቪዴ
የኬልቴዌ ተራራ የበረዶ መንሸራተቻ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሳንቲያጎ

ግልባጭ፦ በሎስ ኮይዌስ ዳቦ ቤት በር ላይ ቆመው ለሚያነቡ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ባለፈው ኦገስት በሕፃናቱ መንሸራተቻ ላይ የተጠማዘዘው ቁርጭምጭሚትዎ እንደምን ከርማችኋል? እኛ የሎስ ኮይዌስ ነዋሪዎች እስከ ዛሬ ማርች 14 ቀን ድረስ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ከሚመጣው ሰኞ በኋላ ስለሚኖረን ጤንነት ግን ያን ያህል እርግጠኛ ስላልሆንኩ፣ የተከበረ ጊዜዎን በዚህች ደብዳቤ ለመሻማት ተገድጃለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ኤዴልሚራ ካትሪላፍ እባላለሁ። እናንተ በወረቀት ላይ «የሽቅብ መጓጓዣ መስመር ሀ» በምትሉት፣ እኛ ግን አንዳሪቬል በምንለው በአሮጌው ተንጠልጣይ ወንበር ላይ ሠላሳ አንድ ክረምት ሠርቻለሁ። ጡረታ ስወጣ ቁጥር 44 የሆነውን ወንበር በሪባን አስራችሁ ሸልማችሁኛል። ጓሮዬ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ ድመቴ ትተኛበታለች፤ እሷም ታመሰግናለች። ምስጋናዬን ከዚህ ካነሳሁ አይቀር፣ ቀሪውንም በቁጥር ዘርዝሬ ላቅርብ።

አንደኛ፤ አሮጌው አንዳሪቬል በአዲስ ሊተካ በመሆኑ ከልብ አመሰግናለሁ። «አሮጊቷ አዲስ ነገር አይታ መተኛት አትችልም» እያሉ ለእርስዎ የሚያወሩ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ሐሰት ነው። የዚያን ማሽን ፑሌጋዎች፣ ገመዱ የሚሽከረከርባቸውን ጎማዎች፣ በግራሶ ስቀባ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱ የግራ እጄ ጣቶች ዛሬም በብርድ የማይታጠፉት በእርሱ ምክንያት ነው። ሰው ሁሉ የሚያስበው ልቧ የተሰበረ መበለት እንደምሆን ነበር፤ እኔ ግን ገመዱ የተፈታ ዕለት ጎረቤቶቼን ሶፓይፒያ የምንለውን የዱባ ቂጣ ጠብሼ ጋብዣለሁ። አራት ሰው የሚይዝ፣ ከበረዶ የሚከልል ክዳን ያለው አዲስ ወንበር ይምጣ። እሰየው። ጥያቄዬ ወንበሩ ምን ይመስላል አይደለም፤ የት ይደርሳል ነው።

ሁለተኛ፤ የነፋስ ጥናቱን በተመለከተ። ከባሕር ማዶ ያስመጣችኋቸው ኢንጂነር ያዘጋጁትን ባለ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ጥናት በማዘጋጃ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስላስቀመጣችሁልን ባለውለታችን ናችሁ። በገጽ 87 ላይ ያለው ሠንጠረዥ እንዲህ ይላል፤ «የክረምት ወራት፦ ዲሴምበር፣ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ። ነፋስ፦ ቀላል። በላይኛው ጣቢያ ቦታ የተመዘገበ በረዶ፦ የለም።» መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አነበብኩት። ኢንጂነሩ የመጡበት አገር ክረምቱ በዲሴምበር እንደሚገባ አልጠፋኝም። እዚህ ግን ዲሴምበር በጋ ነው፤ እኛ ቼሪ እንለቅማለን። ክረምቱን ሲለኩ የሰነበቱት እኒያ ደግ ሰው በሸሚዝ ብቻ ነበሩ፤ አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ፣ የፈረስ ዝንብ እያባረሩ፣ ከእኔ ቤት ቀዝቃዛ ውሃ ጠይቀው ጠጥተዋል።

ይህንኑ በፌብሩዋሪ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ባደረጋችሁልን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እርስዎም አብረው ሳቁ። ከዚያም በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ፣ «ሴኞራ፣ የአጻጻፍ ስህተት ነው፤ ይታረማል። እኛ በመረጃ እንጂ በወሬ አንሠራም» አሉኝ። ቃልዎን ጠብቀዋል፤ ታርሟል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተሻሻለው እትም መጣ። ገጽ 87ን ገለጥኩ። «የክረምት ወራት፦ ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት» ይላል። ከሥሩ ያሉት ቁጥሮች ግን አንድም ሳይጎድሉ፣ አንድም ሳይጨመሩ፣ እነዚያው ናቸው። ነፋስ ቀላል። በረዶ የለም።

ክቡር ሆይ፣ ወራቱን ሲቀይሩ ላሟን ረስተዋታል። በመጀመሪያው እትም ግርጌ ላይ «ጃንዋሪ 19፣ በግጦሽ ላይ በነበረች ላም ምክንያት መለኪያው ለሦስት ቀን ተቋርጧል» የሚል ማስታወሻ ነበር። ላሟ የጎረቤቴ የዶን ኡምቤርቶ ናት፤ ሞቻ ትባላለች፤ ቀንድ የላትም፤ ገመድ ማኘክ ትወዳለች። በተሻሻለው እትም ላይ ሞቻ የመለኪያውን ገመድ ያኘከችው «ጁላይ 19» ነው። በጁላይ አጋማሽ፣ ከሦስት ሜትር በረዶ በላይ ቆማ፣ ስትግጥ! ጽሑፉን ለዶን ኡምቤርቶ ባነበብኩለት ጊዜ እንባው እስኪመጣ ሳቀና፣ «ዶኛ ኤዴልሚራ፣ እኔ ይቺን ላም በርካሽ ልሸጣት ነበር እኮ!» አለኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። በስህተት የተጻፈ ወር ስህተት ነው። አውቆ የተቀየረ ወር ግን ስሙ ሌላ ነው፤ እርስዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ ስሙን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቦታው። አዲሱ የላይኛው ጣቢያ የሚቆምበት ሜዳ ፔይናዶ ይባላል፤ የተበጠረው ማለት ነው። ኢንጂነሩ በጥናታቸው «ቦታው በተፈጥሮ የተስተካከለና ከዛፍ የጸዳ በመሆኑ የምንጣሮ ሥራ አያስፈልገውም» ብለው አመስግነውታል። በጠርዙ ላይ ያሉት ጥቂት የሌንጋ ዛፎች ለምን ሁሉም ራሳቸውን ወደ ቁልቁል አድርገው እንደተኙ ግን አልጠየቁም። ያበጠራቸው የበረዶ ናዳ ነው። ፑልቼ የምንለው የምሥራቁ ነፋስ ከተራራው ጀርባ በረዶውን እያፈሰ ከፔይናዶ በላይ ባለው ገደል ላይ ይቆልለዋል፤ በሦስተኛው ቀን አየሩ ይሞቃል፤ ከዚያ በኋላ ቁልሉ የሚጠብቀው ምክንያት ብቻ ነው።

አሮጌው መስመር ሲተከል ጫፉ እዚያው ፔይናዶ ላይ ነበር። በኋላ ለምን ሁለት መቶ ሜትር አጥሮ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ እንደተደበቀ ከቢሮዎ አንድም ሰው አልጠየቀኝምና፣ ሳልጠየቅ ልንገርዎ። በ1995 ኦገስት ላይ፣ ፑልቼ በነፈሰ በሦስተኛው ቀን፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ካቦአችን ኤሊሴዎ ማሪፓን አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። የእያንዳንዱ ወንበር ቁጥር ከመቀመጫው ሥር በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ነፋሱ ባዶውን ወንበር አወዛውዞ ያንን ቁጥር ከጣቢያው መስኮት ካሳየህ፣ ታቆማለህ። ማንንም አትጠይቅም። ያን ቀን አሥራ ሰባት ቁጥርን አነበበና ማሽኑን አቆመ፤ ሰውን ሁሉ ማውረድ ጀመረ። እንግዶቹ አፏጩ። አንዱ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ፀሐይ ወጥቷል እኮ!» ብሎ ጮኸበት። ኤሊሴዎም፣ «እኔ የማየው ፀሐዩን አይደለም፣ የወንበሩን ቂጥ ነው» ብሎ መለሰለት። ቃሉን ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእርሱ ነው።

የመጨረሻው ሰው ከወረደ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ገደሉ ለቀቀ። ድምፁን ከታች ጣቢያ ሆኜ በእግሬ ሰማሁት። የበረዶው ብናኝ ሲጠራ የላይኛው ጣቢያ አልነበረም። ያገኘነው በሩን ብቻ ነው፤ አራተኛው ምሰሶ ሥር፣ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ወርዶ፣ መያዣው እንኳ ሳይሰበር። ዛሬ የዶሮ ቤቴ በር ነው። ኤሊሴዎ ከሁለት ዓመት በፊት አርፏል። የየዕለቱን ነፋስ የጻፈባቸው አሥራ አንድ ደብተሮቹ ግን፣ ቢሮውን ስታዘምኑ ከጣላችሁበት ከቆሻሻው አንስቻቸው፣ እኔ ቤት አሉ። በስብሰባው ላይ ይዣቸው መጥቼ ነበር። እርስዎ ሰዓትዎን አዩ።

አሁን ጣቢያው ወደዚያው እንዲመለስ የተፈለገው፣ ከጎኑ ለሚሠራው ምግብ ቤት ማዶ ያለው እሳተ ገሞራ ጥሩ ሆኖ ስለሚታይ መሆኑን ከፕሮጀክቱ ሥዕል ተረድቻለሁ። እይታው ቆንጆ መሆኑን እመሰክራለሁ። ናዳው ራሱ ከዚያ ሲመጣ በጣም ጥሩ ሆኖ ይታያል።

አራተኛ፤ የአዲሶቹ ወንበሮች ሥር ቁጥር የለበትም። የሕይወት መድን ድርጅት ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

አምስተኛ፤ በአዲሱ የሥራ መመሪያ መሠረት የላይኛው ጣቢያ ሠራተኛ ማሽኑን ከሦስት ደቂቃ በላይ ለማቆም ከዋናው ቢሮ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ዋናው ቢሮ ሳንቲያጎ ነው። ፑልቼ ሲነፍስ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞተው ስልኩ ነው። ያም ሆኖ ሠራተኛው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ በወግ በማዕረግ፣ ትእዛዝ እየጠበቀ ከናዳው ጋር እንደሚሄድ ማሰብ ያጽናናል።

በዚያ ጣቢያ ለመቀመጥ የፈረመችው ሠራተኛ ያስና ትባላለች። ልጄ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እስካሁን በጨዋ ሴት ቋንቋ ስጽፍልዎ ቆይቻለሁ፤ ግን ፈርቻለሁ፤ ይህን ለመደበቅ አልሞክርም። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ሐሳቤን ስነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ «እማ፣ ተይ በናትሽ! ደብዳቤውን ከለጠፍሽው ሥራዬ ይሄዳል» አለችኝ። እኔም፣ «ካልለጠፍኩት የምትሄጂው አንቺ ነሽ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አልበላንም።

ስለዚህ በግልጽ ላስታውቅዎ የምወደው፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም የለጠፍኩትም እኔ ብቻ መሆኔን ነው፤ ልጄ የለችበትም። ነገር ግን በእኔ ጥፋት እርሷን ለማባረር ከወሰኑ፣ አደራ፣ እንዳይዘገዩ። ከፕሮጀክቱ መጀመሪያ አንስቶ ለሠራተኛ ደኅንነት የወሰዱት የመጀመሪያው እርምጃ ይሆናል፤ የስንብት ደብዳቤዋን በመስታወት አስገብቼ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ። ቢሆንም በማግሥቱ በቦታዋ ሌላ ሰው ይቀጠራል። እርሱም እናት አለችው።

ልመናዬ አጭር ነው። የፊታችን ሰኞ ሄሊኮፕተሩ ለላይኛው ጣቢያ መሠረት አርማታ ይዞ ይወጣል። አርማታ አንዴ ከፈሰሰ በኋላ እናንተ እንደማትመለሱ አውቃለሁ፤ ጉድጓዱ ግን ገና ባዶ ነው። ሄሊኮፕተሩን ያቁሙት። ጣቢያውን ሁለት መቶ ሜትር ወደ ታች፣ ከቋጥኙ ጀርባ ይመልሱት። ይህ ደግሞ ከከበደዎ፣ አንድ ዓመት ይታገሡና በኦገስት፣ በእውነተኛው ኦገስት፣ እርስዎና ኢንጂነሩ መጥታችሁ ፑልቼ በነፈሰ በሦስተኛው ቀን ፔይናዶ ላይ ቁሙ። ምሳ እኔ አበስላለሁ። ሞቻንም እናመጣለን፤ መጋጥ ከቻለች እኔ ተሳስቻለሁ ብዬ በዚሁ ዳቦ ቤት በር ላይ እጽፋለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ለስላሳ ድምፅዎ፣ ስለ ሪባኑ፣ ወራትን ካሉበት አንስቶ ወደ ፈለጉበት ለማዛወር ስላሳዩት ድንቅ ችሎታም ጭምር ደግሜ እያመሰገንኩ፣ በበጋም ሆነ እርስዎ ክረምት ብለው በሚሰይሙት በማናቸውም ወር ታዛዥዎ ሆኜ እቀራለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ኤዴልሚራ ካትሪላፍ
የቀድሞ የታችኛው ጣቢያ ሠራተኛ፣ የወንበር ቁጥር 44 ባለቤት፣ የያስና እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለአዲሱ የላይኛው ጣቢያ ክፍል በር ገና እንዳልተገዛ ከአናጢዎቹ ሰማሁ። ሰኞ አርማታው የሚፈስ ከሆነ አይቸገሩ፤ የዶሮ ቤቴን በር ነቅዬ እልክልዎታለሁ። ጠንካራ ነው፤ መያዣውም ይሠራል፤ የመውረጃውንም መንገድ ያውቀዋል።