ገረሴ ላይ የቆመ የቆላ ቤት

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

የመብራት ካርዱ ደግሞ አለቀ! ባለፈው ሳምንት የሞላነው ነው። ቆጣሪው ጲጵ ጲጵ ሲል ቆየና ሂተሩ ድርግም አለ። ሚስቴ ዘነበች እግር ሥር ቀይ ዓይኑን አፍጥጦ ሲበላ የሚውል ሌባ! አሁን ጥቁር ብረት ሆኖ ተቀምጧል። እሷ ሁለት ቡልኮ ደርባ ታስላለች።

ጥፋቱ የልጄ የማቴዎስ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ ቬንትሌተር ሥር ተቀምጦ ለእኛ ለገረሴ ደገኞች ቤት ነደፈ። ብሎኬት፤ ከፍ ያለ ቆርቆሮ፤ በር የሚያክል መስኮት፤ ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን ቀዳዳ። «አየር እንዲንሸራሸር ነው አባዬ» አለኝ ያኔ። ይንሸራሸራል እንጂ! ጭጋጉ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ሙቀቱ ሳይሰናበት ይወጣል።

ማክሰኞ

ግቢው ጥግ አሮጌዋ ቤታችን አለች። ቀርከሃ ሰንጥቄ በእጄ የጎነጎንኳት ናት። እሳቱ መሃል፣ ላሟ ከመከለያው ወዲያ ስትተነፍስ፣ ሐምሌ መግባቱን በጎረቤት ነበር የምንሰማው። ግን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ዘነበችን «ጭስ ያለበት ቤት እንዳትገቢ» አለቻት። ስለዚህ ከጭስና ከብርድ ብርድ ደረሰን።

ማቴዎስ ደወለ። ቅዳሜ አናጢ ይዞ መጥቶ አሮጌዋን ሊያፈርሳት ነው። «ለማገዶ ትሆናለች» ይላል።

«አንተን ነው የማነድህ! ደረቅ ነህ፣ ቶሎ ትያያዛለህ» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «ማንም እጁን አያነሳባትም» አልኩት።

ረቡዕ

ካርድ ተሞላ። ከዛሬ ጀምሮ ቁጠባ ነው፤ የቁጠባው አዛዥም እኔ ነኝ። የበረንዳውን አምፖል ፈታሁ። ፍሪጁን ነቀልኩ (በሐምሌ ፍሪጅ! ቤቱ ራሱ ፍሪጅ አይደል?)። ሂተሩ ደግሞ ዘነበች ስትተኛ ይነቀላል።

«ቀጥሎ እኔን ልትነቅለኝ ነው?» አለች።

«አንቺ ካርድ አትበዪም፣ ጆሮ ነው የምትበዪው።»

ቡልኮው ውስጥ ሆና ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ። አልወደድኩትም።

ሐሙስ

ዛሬ ቀልድ የለም።

ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋት ሂተሩን ነቅዬ ገበያ ወጣሁ። ወሬ ያዘኝ፣ ከዚያ ዝናብ ያዘኝ። ስመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታለች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ለምን አልሰካሽውም?» ብዬ ጮህኩባት። እኔ! በእሷ ላይ!

«መሰኪያው ከአልጋው ጀርባ ነው። ጉልበቴ አያስጎነብሰኝም። ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ለካርዱ ስንገበገብ ረሳሁት። በማቴዎስ ላይ ያጠራቀምኩት ንዴት ሁሉ ዞሮ እኔው ላይ ወረደ። ሳሏ እስካሁን አልበረደም።

ዓርብ

መሰላል አወጣሁ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቀጠቅኋቸው። በበሩ ሥር አሮጌ ጆንያ ጠቅልዬ ዘረጋሁ። ነፋሱ ቆመ። ቤቱ ግን ያው ነው። እጄን ወደ ቆርቆሮው ብዘረጋ ሙቀቱ እዚያ ተሰብስቧል። ኮርኒስ የለውማ!

የቀርከሃ ምንጣፍ ከላይ ቢወጠር ይይዘዋል። ግን አሁን የሚቆረጠው ቀርከሃ እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል። የደረቀ፣ ዓመታት ጭስ የጠጣ፣ ነቀዝ የማይደፍረው ቀርከሃ የት እንዳለ አውቃለሁ። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

አሮጌዋ ቤት ገብቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቢላዬን አውጥቼ የላሟን የቀርከሃ መከለያ ማሰሪያ ቆረጥኩ። ሳስረው ልጅ እግር ነበርኩ፤ ዘነበች ጫፉን ይዛልኝ ነበር። ላሟ ቀና ብላ አየችኝ። ተሳደብኩ፤ ማንን እንደሆነ አላውቅም።

ዘነበች ከአዲሱ ቤት በር ላይ ሆና «ማንም አይነካትም አላልክም እንዴ?» አለች።

«ግቢ! ብርድ ነው!» አልኳት።

ቅዳሜ

ማቴዎስ ከነአናጢው ሲመጣ የመከለያውን ምንጣፍ ጣሪያው ሥር ልወጥር መሰላል ላይ ነበርኩ።

«አባዬ ውረድ! ምን እየሠራህ ነው? ቀዳዳዎቹንስ ማን ደፈናቸው? ዲዛይኑን አበላሸኸው እኮ!»

«ወንድ ከሆንክ ጃኬትህን አውልቅና እናትህ የምትቀመጥበት ተቀመጥ።»

ሂተሩን አጠፋሁበት። አውልቆ ተቀመጠ። የቆላው ጌታ! አናጢው መሣሪያውን አውርዶ ሳይጨርስ የማቴዎስ ጥርስ መንቀጫቀጭ ጀመረ። እናቱን አየ፣ ቆርቆሮውን አየ። ተነስቶ የምንጣፉን ሌላኛ ጫፍ ያዘ። ሊያፈርስ የመጣው አናጢ ምስማር ሲመታ ዋለ።

በመከለያው ቦታ ለላሟ ጣውላ መታንላት። የተቀረችው አሮጌ ቤት እንደቆመች ናት። ማቴዎስ ስለ ማገዶ አላነሳም፤ እኔም አላስታወስኩትም። ከመሄዱ በፊት ዲቫይደር ገዝቶ መሰኪያውን አልጋው ራስጌ አመጣላት።

አዲሱ ኮርኒስ የድሮ ጭስ ይሸታል። ያስላት ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቁሜ አመሸሁ። ሁለቴ አሳላት። ትናንት ስንት ጊዜ እንደነበር ስላልቆጠርኩ ተናደድኩ።

አሁን ቤቱ ሞቋል። እሷ እጇን ዘርግታ ሂተሩን ነቀለችው። «ካርድህን ልቆጥብልህ፣ አዛዡ» ብላ ዞራ ተኛች።

መልሼ ሰካሁት። ዛሬ ይብላ።