ዝናቡ ላይ የሚንተባተብ ላፕቶፕ

ሰኞ፣ የካቲት 1 ቀን 2013፣ ጠዋት 4፡10

ሦስተኛ ሙከራ። የጌሙን ሴቲንግ በሙሉ ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት። ጥላው፣ ነጸብራቁ፣ ዝናቡ፣ ሁሉም። የጌሙ ከተማ በዝናብ ርሷል፣ መኪናዬን አስነሳሁ። በሰከንድ 71 ፍሬም፣ ማለትም ምስል። 70። 72። ቆንጆ። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ 40። ከዚያ 19። መኪናው እንደ ሰካራም ይደነቃቀፋል፣ የላፕቶፔ ፋን ይጮኻል።

አሥራ ዘጠኝ! ደብተሬ፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ፣ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ግድግዳው ምንም አልሆነም። እጄ አብጧል።

በኋላ ሳነበው እንዳልረሳ ልጻፈው። ሥራ ያመለከትኩበት መ/ቤት ጌም ይፈትሻል፣ ሥራው ከቤት ነው፣ ኮሮና ያመጣው አንድ ደግ ነገር። የሚፈልጉት የአንድ ሰዓት ሙከራ ነው፣ በራሴ ማሽን፣ ይኸው የዝናብ ምዕራፍ፣ ከ60 ፍሬም ሳይወርድ። እስከ ዓርብ 11 ሰዓት። ከደረሰላቸው ተቀጠርኩ። ካልደረሰ ቅዳሜ ጠዋት ከወንድሜ ከታምራት ጋር ቮስሎሩስ ሰፈር፣ ስፓዛው ውስጥ፣ ትንሿ ሱቁ፣ ከፍርግርጉ ጀርባ። ባለፈው ዓመት ስምንት ወር ቆሜበታለሁ፣ በጠባብ ቀዳዳ ዳቦና የስልክ ኤርታይም ሳቀብል። አልመለስም። ቃሌ ነው።

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት

አቧራውን በብሩሽ ጠረግኩ። የግራፊክሱን ሶፍትዌር አራግፌ እንደ አዲስ ጫንኩ። ወደ ጠረጴዛዬ መልሼ ደገምኩት። 12 ደቂቃ፣ 19 ፍሬም። አምስተኛውን ስጀምር መብራት ሄደ። ሎድሼዲንግ፣ በፕሮግራም የሚያጠፉት። ሰፈራችን ሂልብሮው በሙሉ ጭጭ። ታምራት ከሥራ ቀርቶ ነበር፣ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። ጨዋታ እንጀራ አይሆንም አለ። አንድ ቀን አፉን እዘጋለታለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 2፣ 7 ሰዓት

ጀርሚስተን ከተማ ደርሼ መጣሁ።

ላፕቶፑን የሸጠልኝ ጋሽ ደሳለኝ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕና ስልክ ይሸጣል፣ ሱቁ ጠባብ ነው፣ ሰው የሚገባው በተራ። አምስት ስድስት ሰው ተሰልፏል፣ ግማሹ ሐበሻ። ሰልፉን ጥሼ ገባሁ። የተቃጠለ ዕቃ አጥበህ ትሸጣለህ አልኩት። ሌባ አልኩት። አንተ እያልኩ፣ አባቴ የሚሆነውን ሰውዬ። ያልገባው እንዳይኖር በእንግሊዝኛም ደገምኩት።

ድምፁን አላነሳም። ቁጭ በይ፣ አብረን እንሞክረው አለ። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ጥፋተኛ ሰው እንዴት እንደዚያ ይረጋጋል? ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ጥዬለት ወጣሁ። በታክሲው ውስጥ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ልዋሽህ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 3፣ ቀን 6 ሰዓት

ላፕቶፕ የለም። ሁለት ቀን ቀረው። ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

8፡30

ጋሽ ደሳለኝ ደወለ። ጌም አያውቅም፣ ግን ጠዋት ከፍቶት መኪናውን ግንብ ሥር አቁሞ ሁለት ሰዓት ዝናቡን ሲያይ ውሏል። 70፣ 69፣ 72። አንዴም አልወረደም። ከዚያ ጠየቀኝ፤ ቤት ምን ላይ ነው የምታስቀምጪው?

ጠረጴዛ ላይ ነዋ፣ ሌላ ምን ላይ ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ወረደ።

ዳንቴል። የታምራት ሚስት የአስቴር ዳንቴል። እዚህ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፣ ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ ማይክሮዌቩ። ለኔም ሠርታልኛለች፣ ድርብ፣ ወፍራም። ላፕቶፑ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው። ቀዳዳዎቹን በሙሉ ደፍኜ፣ አፍኜው፣ ለምን አልሮጥክም ብዬ ነው የከሰስኩት። ይህን የማያውቅ ፈታሽ የለም። እኔ አውቃለሁ። አውቃለሁ!

ዳንቴል ላይ አልኩት። ወዲያው ገባው። ያለውን ቃል በቃል ልጻፈው።

«ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ነይና ውሰጂው። ግን ሌባ ያልሽኝ ሰው ፊት ነው። እውነቱንም እዚያው ትነግሪልኛለሽ።»

በስልክ ይቅርታ ልጠይቅ አልኩ። በስልክ አልሰደብሽኝም አለና ዘጋው።

ሐሙስ፣ የካቲት 4፣ ጠዋት 2 ሰዓት

አልሄድም። ምን ቆርጦኝ? በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው የፈለገው። አንድ ሥራ ይቅር። ስፓዛም ሥራ ነው።

5 ሰዓት

አስቴር ላይ ልጮህ ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ዳንቴሉን በእጄ ይዣለሁ። ቆሽሾ መስሏት ተቀበለችኝ፣ አጥብልሻለሁ አለች። ለሥራሽ ክብር ብዬ ነው የሠራሁት፣ አንቺም ቢሮ ይኑርሽ ብዬ አለች። ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። እሷ ላፕቶፕ ከየት እንደሚተነፍስ በምን ታውቃለች? በየቀኑ ያነሳሁትና ያስቀመጥኩት እኔ። ተናድጄ የምይዘው ሰው አጣሁ።

ምሽት 1 ሰዓት

እራት ላይ ታምራት ወሬ ይዞ መጣ። ደሳለኝ የሚባለው ሰውዬ አንዲት ልጅ አታሏል አሉ፣ የተቃጠለ ዕቃ ሸጦላታል አሉ። የጸሎት ቡድኑ ዋትሳፕ ላይ ሁሉ ተወርቷል። ስልክ ያዘዙ ሁለት ሰዎች ትተውታል። ከሱ እንዳትገዙ አለን፣ እኔና አስቴርን። ላፕቶፑን የገዛሁት ከማን እንደሆነ አልነገርኩትም ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጉርሻውን መልሼ ሰሃኑ ላይ አኖርኩት። ልጂቱ እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። በራሴ ያፈርኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም።

ዓርብ፣ የካቲት 5፣ ጠዋት 3፡40፣ ጀርሚስተን

ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን ታገሠኝ። ሰልፍ ላይ ነኝ። ዛሬ አልጣስኩም። አራት ሰው ይቀድመኛል፣ ሁለቱ የማክሰኞዎቹ ናቸው፣ አንዷ ሴትዮ እኔን ሳታውቀኝ እዚህ ቤት ተጠንቀቂ ብላኛለች።

አሁን ብወስደው 5 ሰዓት ቤት እደርሳለሁ። ከ8 በፊት መብራት አይጠፋም። በባዶ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰዓት፣ ይበቃል። ይደርሳል።

ከበር ሆኜ አየሁት። እሱም አየኝ። ላፕቶፑን ከመደርደሪያ አውርዶ ባንኮኒው ላይ አኖረው፣ ወደኔ አልገፋውም። እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ተናድጄበታለሁ፣ አሁንም። ትክክል ስለሆነ።

ማክሰኞ የጮህኩት ማስክ ለብሼ ነው። ማን እንደሆንኩ ያወቀ የለም። ይቅርታውንም እንደዚያው ተሸፍኜ ብዬው ብወጣ ማንም አያውቀኝም፣ ታምራት ጆሮም አይደርስም። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ይህን ነው።

አይሆንም። ስሜን እናገራለሁ። ሜሮን ነኝ፣ የቮስሎሩሱ ታምራት እህት ነኝ፣ ዋትሳፕ ላይ የተወራላት ልጅ እኔ ነኝ፣ ሰውየው አላታለለኝም እላለሁ። ለዚህች ሴትዮ ደግሞ ለብቻዋ…

ተራዬ ደረሰ