አንዷ ወንበር

መጋቢት 3
ሙቀት። ሦስት ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ አስተምሬ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ከአዲስ አበባ ያዘዝኳቸው ስፒከሮች ደረሱ። ኛቢየል ከጤና ጣቢያ ወጥታ፣ ባጃጅ ይዛ መጥታ አብራኝ አወረደች። «ስንት ገዛሃቸው?» አለች። ግማሹን ዋጋ ነገርኳት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ሚስቴ ተጨቃጫቂ አይደለችም... ለምን ዋሸሁ?

መጋቢት 5
ሳሎኑን በሜትር ለካሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ከሁለቱም ስፒከሮች እኩል ርቆ፣ መሐል። እዚያ አንዷን ወንበር አኖርኩ። ሌሎቹን ጓዳ አስገባሁ። የባጃጅ ጩኸት እንዳይገባ በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁ። ቬንትሌተሩ ያጉረመርማል... አጠፋሁት። ከዚያማ የምወደውን የክራር ዘፈን ከፍቼ ሰማሁት። የመቺው ጣት ከክሩ ሲላቀቅ ሁሉ ይሰማል። ላቤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ፤ ይውረድ።
ኛቢየል ወጥታ ግቢያችን ያለው ማንጎ ሥር ተቀመጠች።

መጋቢት 11
ዛሬም ውጪ ናት። ዋጋውን ደርሳበት ይሆን? ብጠይቃት «ደህና ነኝ»። ድሮ ከሥራ ስንመለስ ሁለታችንም ማንጎው ሥር ነበርን። የጤና ጣቢያውን ወሬ ታወራልኛለች፣ እስቃለሁ። አንድ ቤት እየኖርን ናፈቀችኝ።

መጋቢት 16
ሽማግሌ መጣብን።
ክራሩ መሐል ላይ በሩ ተንኳኳ። የኛቢየል አክስት ማማ ኛቶክ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ስቴፈን፣ ከእኛ ትምህርት ቤት ደግሞ ጋሽ ወልደሥላሴ። ምን ሆናችሁ? ብል...
«ልጄ» አሉ ማማ ኛቶክ፣ «በዚህ ሙቀት ቤት ዝግ ነው። ሚስት ውጪ፣ ባል ውስጥ። የታመመ ነው እንዲህ የሚያደርግ። ወይ የተጣላ።»
ጋሽ ወልደሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትዳር ያለ ነው፤ ይጋጫል።»
ለካ ሰፈራችን ኒውላንድ ሙሉ ከሳምንት በላይ ሲያዝንልን ነበር። በመጋቢት በሩን የሚዘጋ ጤነኛ ሰው ጋምቤላ ውስጥ የለማ! «አልተጣላንም» አልኩ። ግቡ ብል የሚቀመጡበት የለም። ማማ ኛቶክ አንዷን ወንበር ዞረው አዩዋት።
«ልጃችን የት ነው የምትቀመጠው?»


መጋቢት 17
እውነተኛውን ዋጋ ነገርኳት። ሳቀች።
«ደረሰኙ ካርቶኑ ላይ ተለጥፎ ነበር እኮ።»
«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»
«በጣም ደስ ብሎህ ነበር። ራስህ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ።» ቀጥላም፣ «ገንዘቡስ ይሁን፣ አሹ። ዘፈን እኮ እኔም እወዳለሁ። አንድ ቀን እንኳን ነይ ስሚ አላልከኝም።»
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መጋቢት 18
ዝናብ ሸተተ፤ አልዘነበም። ወንበሮቹን ከጓዳ አወጣሁ።

መጋቢት 20
በሩ ክፍት። መስኮቱ ክፍት። ቬንትሌተሩ ያጉረመርማል፣ ባጃጁም ይጮኻል። መሐለኛዋን ወንበር ለኛቢየል ለቀቅኩ፤ እኔ ዳር። ከዳር ሲሰማ የግራው ስፒከር ቀኙን ይውጠዋል... ይዋጠው።
ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ድንገት ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «እዚህ ጋ ክራር መቺው ተሳሳተ፤ ሰማኸው? ከዚያ ለራሱ ሳቅ አለ» አለችኝ።
ሁለት ሳምንት ብቻዬን፣ በር ዘግቼ፣ ላቤን እያፈሰስኩ ሰምቼዋለሁ። ሳቁን አልሰማሁትም ነበር።
«ድገመው» አለች።
ወንበሬን ወደ እሷ አስጠግቼ ደገምኩት።