አባቴን በረዳትነት ለጠረጠሩት ክቡር ዳይሬክተር

ይድረስ ለድኅረ ምረቃ የበይነ መረብ ትምህርት ክፍል ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከረሙ? ቤተሰብዎስ፣ መሥሪያ ቤትዎስ፣ የማይነካው ደንብዎስ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በጅቡቲ ከተማ ሐምሌ የሚባለውን ምድጃ ሸሽተን ተመልሰን፣ ለአላህ ምስጋና ይግባውና፣ በሕይወት አለን። ጤናዎ እንደ ደንብዎ የማይነቃነቅ፣ ዕድሜዎም ለቢሮዎ የተላከ ማመልከቻ መልስ እስኪያገኝ እንደሚፈጀው ጊዜ የረዘመ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ማይሙና ጀላሉዲን እባላለሁ። በካርቲየ 2 በሚገኝ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ኒዛር እዚያው ሰፈር ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል፤ ሀያ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅም አለችን። በትምህርት ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልሥራ ብዬ ወደ ተቋምዎ የመጣሁት «ከቤተሰብዎ ሳይለዩ፣ በፈለጉት ቦታ፣ በፈለጉት ሰዓት ይማሩ» የሚለውን ማስታወቂያዎን አይቼ ነበር። ከጽሑፉ በላይ አንዲት ሴት ባሕር ዳር ቁጭ ብላ ላፕቶፕ ታቅፋ ትስቃለች። ባሕርስ እኛም አለን፤ በሐምሌ ወር ግን ዳርቻው ላይ ላፕቶፕ ታቅፎ የሚስቅ ሰው ብናይ ወደ ሐኪም ቤት ነው የምንወስደው።

ሦስት ዓመት ተምሬ ላገኘሁት ጥቅም ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የቤተሰብን ትክክለኛ ዋጋ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የጅቡቲን የሐምሌ ንፋስ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል፤ አቅሙ ያለው ሁሉ ልጆቹን ይዞ ወደ ደጋው ይሸሻል። እኛም እንደ ወጋችን በደወሌ ድንበር በኩል ድሬዳዋ ገብተን፣ ከዚያ ሐረር አባቴ ዘንድ ወጥተን እንከርም ነበር። ተማሪዎ ከሆንኩ ወዲህ ግን ክረምቱ የእርስዎ ሆነና አባቴን ሳላየው ዓመታት አለፉ። አምና ዓይኑን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ስልክ ደወለና «ዓይኔ ተሠርቶልኛል፤ አሁን የሚታይ ነገር አምጪልኝ» አለኝ። የሚታየው ነገር እኔና ሀያ መሆናችን ገባኝ። ስለዚህ የመመረቂያ ሥራዬን ከጉዞው በፊት ወይም ከመልስ በኋላ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ ብዬ ገና በመጋቢት አመለከትኩ። መልስዎ ግልጽ ነበር፤ የቤተሰብ ዕረፍት በቂ ምክንያት አይደለም፣ ቀን የሚለወጠው ለከባድ ሕመም ወይም ለቅርብ ዘመድ ሞት፣ ያም በማስረጃ ሲደገፍ ብቻ ነው። አባቴ በሕይወት በመኖሩ የተፈለገውን ማስረጃ ለማቅረብ ባለመቻሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፤ በሐረር ሳለሁ በየቀኑ እንድከታተል ስላዘዙኝ የቀጥታ ውይይት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በተለይ በውይይቱ መካከል ብቅ እያለች «አለሁ» ብለን እንድንጫናት የምታዘንን ያቺን አረንጓዴ ምልክት አልረሳትም። ካልጫንናት የለንም፤ ከሌለን ደግሞ ውጤት የለም። ምሳ ቀርቦ እጄን ስሰድ ብቅ ትላለች፤ ዘመድ ሊጠይቀኝ ገብቶ ልሳለመው ስነሳ ብቅ ትላለች። አንድ ቀን የአባቴ እህት ዓቢዳ ከጎኔ ተቀምጣ ስታየኝ ቆይታ አላስችል አላት።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስደነብርሽ?»

«መኖሬን እያረጋገጥኩ ነው፣ አክስቴ።»

«እኛ እያየንሽ አይደለም እንዴ? አለሽ በያቸው! እኔ እመሰክራለሁ!»

ምስክርነቷን በጊዜው ስላላስተላለፍኩ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጄ ሀያ ግን እንደ አክስቴ አልራራችልኝም። ከዘመዶቿ ልጆች ጋር ወደ ገበያ ልውሰድሽ ብዬ ቃል ገብቼላት ለሁለተኛ ጊዜ ሳስቀራት፣ ጫማዋን እያወለቀች «እማ፣ ዕረፍት የመጣነው እኛ ነን ወይስ ኮምፒዩተሩ?» አለችኝ። በተቋምዎ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ የከበደኝ ይኸው ነው፤ የጠየቀችኝም የእርስዎ መምህር አልነበረችም።

ሦስተኛ፤ ስለ ማቅረቢያው ቀን። የመመረቂያ ሥራዬ ምን እንደነበር ሳያስታውሱ አይቀሩም፤ በሙቀቱ ወራት ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ዘመድ አገር የሚሄዱ ተማሪዎቼ ትምህርታቸውን እንዳይረሱ፣ አጫጭር ትምህርቶችን በምስል ቀርጬ ስልክ ውስጥ በሚገባ ማስታወሻ ካርድ (ሚሞሪ) ላይ አዘጋጀሁላቸው። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ልጁ አያቱ ጋር ውሎ ሲመቸው ከፍቶ ያያል። ልጅ ከዘመዱ ሳይነጠል እንዲማር የሚያደርግ ሥራ ነው ማለት ነው። ይህንን ሥራ የማቀርበው ከዘመዶቼ ተነጥዬ፣ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሆኜ፣ ከኋላዬም ሰው ሳይታይ እንዲሆን ደንብዎ ማዘዙን ሳነብ፣ የቀልድ ችሎታዎን አደነቅሁ።

የአባቴ ቤት በጀጎል ውስጥ ያለ የድሮ ቤት ነው፤ እንግዳ የሚቀመጥበት ሰፊው ክፍል የሚዘጋ በር የለውም፤ ቤቱ ሲሠራም ሰው ለብቻው መቀመጥ የሚፈልግበት ቀን ይመጣል ብሎ የገመተ አልነበረም። ኔትወርክ በደንብ የሚይዘው ደግሞ እዚያው ብቻ ነበር። ስለዚህ መግቢያው ላይ መጋረጃ ሰቅዬ፣ ኒዛርን ከውጭ አቁሜ፣ የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ጀመርኩ። ሦስቱ ፈታኞች በስክሪኑ ላይ ተደርድረዋል። ሥራዬ ጥሩ እየሄደ ነበር፤ ሰብሳቢው ዶክተር ሽመክት እንኳ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ።

በዚህ መካከል አባቴ የተላጠ ማንጎ በሳህን ይዞ ገባ። ኒዛር አማቱን ከገዛ ቤቱ የሚከለክልበት ልብ አላገኘም፤ አልፈርድበትም። ዶክተር ሽመክት ወዲያው ንግግሬን አቋርጠው «ወይዘሮ ማይሙና፣ ከኋላዎ ሰው አለ። አሁኑኑ ከክፍሉ ያስወጡልን፤ አለበለዚያ ፈተናው ይሰረዛል» አሉኝ። እኔ ብቻ ነበርኩ የሰማሁት። አባቴ ሳህኑን አጠገቤ አስቀመጠና፣ በአዲሱ ዓይኑ ስክሪኑን እያየ ጠየቀኝ።

«ምን ይላሉ?»

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርዎ። ለዚያ ቀን ሦስት ዓመት ደክሜያለሁ። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህርት ጠይባ፣ ዲግሪዬን እንዳመጣሁ አዲሱን የኮምፒዩተር ክፍል እንደምትሰጠኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። «አባ፣ ውጣ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ከፈትኩ። አባቴ መልሴን እየጠበቀ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ያየኛል። ፊቴን እንዲህ አጥርቶ ካየ ስንት ዓመቱ።

«እንደምን ነህ ይሉሃል» አልኩት።

ፊቱ በራ። ኩፊያውን አስተካከለ፣ ከጎኔ ተቀመጠ፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ሰላምታውን ጀመረ። «እንኳን ደህና መጣችሁ! ቤቴ ቤታችሁ ነው። ልጄን ስላስተማራችሁልኝ አላህ ዕውቀታችሁን ያብዛው፣ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፣ የደከማችሁበትን ሁሉ ፍሬውን ያሳያችሁ። አንተ መነጽር ያደረግከው፣ ዓይንህን ታየው፤ ድሬ ጎበዝ ሐኪም አለ፣ እኔን አዳነኝ። ስትመጣ እኔ ጋ ነው የምታርፈው።»

የሐረር ሰው አንቱታ እንደማያውቅ ሰምተው ይሆናል፤ በእኛ ቤት የምንወደውን ሁሉ «አንተ» ነው የምንለው። ለእርስዎ በምጽፈው በዚህ ደብዳቤ ከአንቱታ ንቅንቅ አለማለቴንም በዚሁ ይረዱልኝ።

ምርቃቱ እስኪያልቅ አላቋረጥኩትም። ከፈታኞቹ አንዷ፣ መምህርት ስርጉት ይመስሉኛል፣ ሳያስቡት «አሜን» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለዚህ ስሕተታቸው ቅጣት እንዳይደርስባቸው እለምናለሁ። ዶክተር ሽመክት ግን መነጽራቸውን ነካ አድርገው ተሰወሩ፤ ስክሪኑም ጠቆረ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ግን ቶሎ ሄዱ» አለኝ። ማንጎውን አብረን በላን። ሳለቅስ አይቶ ከደስታ መስሎት ራሴን ዳበሰኝ።

የኮሚቴው ውሳኔ የደረሰኝ ጅቡቲ ከተመለስን በኋላ ነው፤ «ያልተፈቀደ ረዳት በፈተና ክፍል በመገኘቱ ውጤቱ ተሰርዟል» ይላል። ይግባኝ ብዬ የጻፍኩትን «አስተያየትዎ ለእኛ ክቡር ነው» የሚል ማሽን ደጋግሞ መለሰልኝ፤ ከተቋምዎ በአክብሮት ያነጋገረኝ እሱ ብቻ በመሆኑ ምስጋናዬ ይድረሰው። አባቴ ቁርኣኑን እንጂ የቴክኖሎጂ መጽሐፍ ነክቶ አያውቅም፤ ስልክም የሚያነሳው ሰው ከፍቶ ሲሰጠው ነው። በትምህርት ቴክኖሎጂ ረዳትነት መጠርጠሩን በስልክ ስነግረው ያዝናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ሳቀ፤ «ረድተሃታል ካሉማ ዲግሪውን ለሁለት ያካፍሉን!» አለ።

አራተኛና የመጨረሻው፤ በምሕረትዎ፣ በሚመጣው ሐምሌ በድጋሚ እንዳቀርብ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ሐምሌን መምረጥዎን እንደ ልዩ ትኩረት ቆጥሬዋለሁ። እቤት ተመካከርንበት። ኒዛር «የሦስት ዓመት ልፋት ለአንድ ቀን ብለሽ አትጣይ፤ እኔና ሀያ እንሄዳለን፣ አንቺ እዚሁ ቀርተሽ ጨርሺ» አለኝ፤ ከልቡ ነው። እኔም እሺ ልለው ነበር። ሀያ ግን የቤት ሥራዋን ትታ ቀና አለችና «አባ ጀላሉዲን እማ የት አለች ካለኝ ምን ልበለው?» አለች። ኒዛር አየኝ፤ እኔም አየሁት። ጉዳዩ እዚያው ላይ ተቆረጠ።

ስለዚህ ክቡር ዳይሬክተር፣ አልቀርብም። የኮምፒዩተር ክፍሉ ለሌላ መምህር ተሰጥቷል፤ አልዋሽዎትም፣ በደጁ ባለፍኩ ቁጥር ያመኛል። ካርዶቹን ግን ጠይባ ተቀብላኛለች። «ዲግሪሽን አላየሁም፤ ሥራሽን ግን አይቼዋለሁ» ብላ ለየክፍሉ አስባዝታዋለች። ከካርቲየ 2 ወደ ዓሊ ሰቢህ ከተማም፣ ወደ ድሬዳዋም ለዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ ልጆች ይዘውት ይሄዳሉ። አያቶቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠው አብረው ያያሉ። እስካሁን አንድም አያት አላስወጣንም።

ከጥናት ነፃ ለወጣው ክረምቴ የዕድሜ ልክ ባለዕዳዎ ሆኜ፣ ተቋምዎ ባስተማረኝ ተገቢ ርቀት ላይ ቆሜ፣ እጅ እነሣለሁ።

ማይሙና ጀላሉዲን
ያለ ዲግሪ
ጅቡቲ፣ መስከረም 2009 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከማስታወቂያ ክፍልዎ መልእክት ደረሰኝ፤ ትምህርትንና የቤተሰብ ዕረፍትን በተሳካ ሁኔታ አጣጥመው የያዙ ተማሪዎች ለአዲሱ ማስታወቂያ ፎቶ እንዲልኩ ይጠይቃል። በደስታ ልኬያለሁ። ዘመዶቼ ሁሉ ከሐረር ወጣ ብለው ኤረር ሜዳ ላይ የተነሡት ነው። እኔን ለመፈለግ አይድከሙ፤ የለሁበትም። በዚያ ሰዓት «የቤተሰብ ተሳትፎ በትምህርት» የተሰኘውን የእርስዎን ውይይት እየተካፈልኩ ነበር።